ጌሾ የበዛበት ቢራ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ያው ነው፣ አትጠይቀኝ።

ያን በስልክ የምታሞግሰውን መራራ ቢራ ቀመስኩልህ። እዚሁ አዲስ አበባ! ቅዳሜ ከአጎትህ ጋር ከለገሃር ወደ ሜክሲኮ ስንሄድ አንድ ቤት ይዞኝ ገባ። ቢራውን እዚያው ይጠምቁታል አሉ። በፈረንጅ 1922 የተቋቋመው ጊዮርጊስ ፋብሪካ ከዚያ ሩቅ አይደለም። «ጎረቤት አይፈሩም እንዴ?» አልኩት።

እንደ ጃምቦ ስጠብቅ በትንሽ ብርጭቆ መጣ። ደፍረስ ያለ ነው፣ ጠጅ ይመስላል። ሽታው ብርቱካን ልጣጭ ብርቱካን ልጣጭ ይላል። ደስ አለኝና ጎንጨት አልኩ። ውይ ልጄ! «ጌሾ በዝቶበታል» አልኩ ጮክ ብዬ። አጎትህ አፍሮ ወደ በሩ አየ።

ጠማቂው ልጅ እየሳቀ መጣ። «ማዘር፣ ጌሾ ሳይሆን ሆፕስ ነው።» የአንድ ሐረግ አበባ ነው አለኝ። ሲፈላ የሚገባው ምሬቱን ይሰጣል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚጨመረው ሽታውን ይሰጣል። ድሮ እንግሊዞች በመርከብ ወደ ህንድ ለሚልኩት ቢራ እንዳይበላሽ ያበዙበት ነበር፤ ይሄኛው አይፒኤ የሚባለው ዘሩ ከዚያ ነው። ይሄማ ገባኝ። ጌሾ ያነሰው ጠላ እኮ ቶሎ ይኮመጥጣል።

ከዚያ ወሬያችን ጠመቃ ሆነ። እሱ ብቅሉን ገዝቶ ነው የሚሠራው። እኔ ገብሱን ነክሬ በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ እንደማበቅል ስነግረው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጌሾ ደግሞ ለጠላ ቅጠሉ ተወቅጦ፣ ለጠጅ እንጨቱ አልኩት። ጻፈው! አያትህ ብታይ በሳቅ ትሞት ነበር።

እያወራን ብርጭቆዬ ተጋምሷል። ለካ እየለመድኩት ነው። ሁለተኛው ጉንጭ ላይ ምሬቱ ለዘብ ይላል፣ ወደ ኋላ ግን ይቆያል፤ ልክ እንደ ጥሩ ጠላ። 7 ከመቶ አልኮል አለው አሉ፣ የለመድነው ድራፍት 5 አካባቢ ነው። ስነሳ አናቴን ያዝ አደረገኝ። ለአባትህ ጸሐዩ ነው ብዬዋለሁ።

ልጁ ሲሸኘኝ ከሆፕሱ ትንሽ በሶፍት ጠቅልሎ ሰጠኝ። አበባ አይመስልም፣ ተጨምቆ አረንጓዴ የዶሮ መኖ መስሏል። ሽታው ግን ቦርሳዬን ሞላው። ለሚካኤል ጽዋ የጠነሰስኩት ላይ ቆንጠር አድርጌ ጨመርኩበት። ለማኅበርተኞቹ አልነገርኩም።

እናትህ