የአንበሳውን ጭራ አይታችኋል?

ለአዘጋጁ፤ ጤና ይስጥልኝ።

ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የሚሄድ ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ የጣሪያውን መላእክት ፎቶ ያነሳና ውልቅ ይላል። ሥዕሎቹ ያምራሉ፣ ምን ይወጣላቸዋል! ግን ግቢውን አንድ ጊዜ ዞር ዞር ብትሉበት አትከስሩም። ቅጥሩ ላይ ያሉት 12 ክብ ማማዎች የሐዋርያት ምሳሌ ናቸው። ትልቁ መግቢያ በር ደግሞ የይሁዳ አንበሳ ነው ይባላል። ጭራውስ? በስተምዕራብ ካለው የቅጥሩ በር በላይ ነው፤ ልብ ብሎ ላላየ ያመልጣል። ጉልላቱ ላይ የሰጎን እንቁላል አለ። ሕንፃው ራሱ፣ እንደ ብዙዎቹ የአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን ነው።

እባካችሁ፣ በጉዞ ዓምዳችሁ የጉልላቱንና የቅጥሩን ፎቶም አውጡልን። ጣሪያውንማ ጠገብነው።

አንድ አንባቢያችሁ