የአዋሽ ዳር ማጥመጃ ቦታዎች አጠራረግ ይታሰብበት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ክረምቱ ወጥቶ የአዋሽ ውኃ መጉደል ሲጀምር፣ በአዳማና በአካባቢዋ መንጠቆ የምንጥል ሰዎች ከወንጂ አንስቶ እስከ አዋሽ መልካሳና ሶደሬ ድረስ ወዳለው የወንዙ ዳርቻ መውረድ እንጀምራለን። ጎርፉ ዐምና የተቀመጥንበትን ቦታ ወይ ሸርሽሮት ወይ ደለል ጭኖበት ስለሚያልፍ፣ ከማጥመዱ በፊት ቦታ ማዘጋጀት የግድ ነው። እኔም ለብዙ ዓመታት ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ጠረጋው ይቅር ለማለት ሳይሆን፣ መቆረጥ የማይገባውን እየቆረጥን መነቀል የሚገባውን ግን ለታች ሰዎች እየላክንላቸው መሆኑን ለመናገር ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ዐምና ጥሩ ጥሩ አምባዛ ወዳወጣሁበት ጥግ ስደርስ፣ ሃምሳ ርምጃ ያህል የሚረዝም የደንገልና የሸምበቆ ጥግ በእሳት ተለብልቦ አመድ ሆኖ ጠበቀኝ። ቦታውን ያጸዱት ወጣቶች ክፋት የለባቸውም፤ እንዲያውም «ጋሼ፣ ለእርስዎም አመቻችተንልዎታል» ብለው መቀመጫ ለቀቁልኝ። ተቀመጥሁ፤ እስከ ቀትር ድረስም አንድ ዓሣ እንኳ ክሬን ሳይነካው ዋልሁ። ይህ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ጥላችን ውኃው ላይ ወድቆ፣ የእግራችን ኮቴ ባዶውን መሬት እየደበደበ፣ ዓሣው ምን ሊያደርግ ይቀርባል?

የአንድ ቀን ዓሣ ማጣት ግን ቀላሉ ጉዳት ነው። አምባዛ ዕንቁላሉን የሚጥለው በዝናቡ ወራት ውኃው ሞልቶ በሸፈነው ሣር ላይ ነው፤ ካርፕም ዕንቁላሉን የሚያጣብቀው ውኃ ውስጥ ባለ ተክል ላይ ነው። ቆሮሶ ለየት ይላል፤ ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳር አሸዋውን ጎድጉዶ ጎጆ ይሠራል፣ ሴቷ ደግሞ የዳበረውን ዕንቁላል በአፏ ይዛ ትቆያለች፤ ጫጩቶቿን ስትለቃቸው የሚሸሸጉት በዚያው ዳር ባለው ሣርና ሥር መካከል ነው። ስለዚህ ዳሩን ነሐሴና መስከረም ላይ ያቃጠለ ሰው የሚያጠፋው ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ሊያጠምደው የሚችለውን ዓሣ ነው። በዚያ ላይ ሥሩ የለቀቀው አፈር በሚቀጥለው ጎርፍ ተንዶ ይሄዳል፤ ክፍት የተደረገው ዳርም ብዙ ሳይቆይ የከብት መውረጃ ይሆናል።

ለአንድ አጥማጅ የሚያስፈልገው ዘንጉን ወደ ኋላ ወስዶ ለመወርወር የሚበቃ የሁለት ርምጃ ክፍተት ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ሥሩን ሳይነኩ ከላይ ከላይ በማጭድ ማጨድ ይበቃል፤ ግራና ቀኙ ሲቀር ለአጥማጁ መከለያ ይሆነዋል። መቀመጫው ከውኃው ከፍ ብሎ መደልደል አለበት፤ የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ከተጠናቀቀ ወዲህ ከግድቡ በታች ያለው ውኃ ከፍና ዝቅ የሚለው በዝናብ ብቻ ሳይሆን በሚለቀቀው መጠንም ጭምር ነውና፣ ጠዋት ደረቅ የነበረ ደረጃ ከሰዓት በኋላ ውኃ ሊውጠው ይችላል። የውኃውን ጥልቀት ክር ላይ እርሳስ አስሮ መለካት ይቻላል። ከሥር ያለውን ጉቶ፣ ሽቦና የተጣለ መረብ ለማውጣትም ጥርስ ያለው ብረት በረጅም ገመድ አስሮ ከዳር ሆኖ መጎተት እንጂ፣ አንዳንዶች እንደሚያደርጉት እስከ ወገብ ድረስ መግባት በአዋሽ የሚደፈር ነገር አይደለም። አዞ መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን፤ የምንረሳው ሙቀቱ ሲበረታብን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ለሦስትና ለአራት ቀን አመሻሽ ላይ አንድ ጭብጥ የተቀቀለ በቆሎ እዚያው ቦታ መጣል፣ በተለይ ለካርፕ፣ ከየትኛውም ገጀራ የበለጠ ቦታውን ያዘጋጃል። በቆሎው በደንብ ይቀቀል፤ ጥሬው የሚያብጠው ዓሣው ሆድ ውስጥ ገብቶ ነው።

ያለ ርኅራኄ መጽዳት ያለበት እንቦጭ ነው። ይህ አረም በቆቃና በአዋሽ የታየው በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ ይህም በጣና ላይ ከመሰማቱ ከአርባ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው፤ ለእኛ አዲስ እንግዳ አይደለም። ሆኖም አብዛኞቻችን የምናደርገው በእንጨት ገፋ ገፋ አድርጎ ወደ ታች መስደድ ነው፤ አለዚያም በገጀራ እንቆራርጠዋለን። እንቦጭ ከተቆረጠ ቁራጭ እንደገና የሚበቅል፣ ዘሩም ለዓመታት ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ የሚቆይ ተክል ስለሆነ፣ በዚህ መንገድ የጸዳ መስሎን የምናደርገው መዝራት ነው። መደረግ ያለበት ከነሥሩ ወደ ዳር ስቦ፣ ጎርፍ ከሚደርስበት ከፍታ በላይ አውጥቶ፣ ፀሐይ ላይ ዘርግቶ ማድረቅ ነው። አበባ ሳያወጣ ቢነቀል ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል።

የጊዜው ነገርም አለ። በእንግሊዝ አገር ከሳልሞንና ከትራውት ወገን ውጪ ያሉትን ዓሦች ከወንዝ ማጥመድ ከማርች 15 እስከ ጁን 15 ድረስ የተከለከለ ነው፤ የዚህ ልማድ መነሻ የሆነው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1878 የወጣ ሲሆን፣ አጥማጆቹ ጁን 16ን የሚጠብቁት እኛ ፋሲካን እንደምንጠብቀው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የእነሱን ቀን እንዳለ እንውሰድ አልልም፤ ወንዙም ዓሣውም ዝናቡም የተለያየ ነው። እኛም የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለን። ነገር ግን ሕግ አስከባሪ በየጥጉ እስኪቆም ሳንጠብቅ፣ ውኃው ወደ ቦዩ ሳይመለስ፣ ማለትም ከጥቅምት አጋማሽ በፊት፣ የትኛውንም ዳር በማጭድ ላለመንካትና እሳት ጨርሶ ላለመለኮስ እኛው አጥማጆቹ መስማማት እንችላለን። በጾም ወቅት የዓሣ ፈላጊ ስለሚበዛ የነቢያት ጾም ሳይገባ ቦታ ለመያዝ መጣደፉ ይገባኛል፤ ጾሙ የሚገባው ግን ኅዳር 15 ስለሆነ፣ ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ያለው አንድ ወር ለዝግጅቱ ይበቃል።

ያን ቀን መቀመጫ ከለቀቁልኝ ወጣቶች ጋር በዚሁ ጉዳይ ብዙ ተነጋግረን፣ የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ከወንጂ በታች ያለውን እንቦጭ አብረን ለማውጣት ተቀጣጥረናል። ጓንት አለን፤ የጎደለን ረጅም ገመድ ነውና ያለው አንባቢ ይዞ ቢመጣ ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመንጠቆ ወዳጅ
ከአዳማ