አያትሽ ቡና ስትቆላ የሚያነሳ ካሜራ

ቱሉ ዲምቱ፣ ጥቅምት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽና አያትሽ ሰላም ብለውሻል። ዝናቡ አቁሟል። የሰፈራችን መንገድም ከጭቃ ወደ አቧራ ተመልሷል።

የጠየቅሽኝን ነገር በስልክ መመለስ አልሆነልኝም። መስመሩ ይቆራረጣል፣ ነገሩም ረጋ ብሎ መጻፍ ይፈልጋል። ዕቁብሽ ደርሶሽ ሶኒ አርኤክስ 100 የሚባለውን የኪስ ካሜራ ልትገዢ ነው። ከመጀመሪያው እስከ ማርክ 7 ሰባት ዓይነት ሆኖብሽ የቱን እንደምትወስጂ ቸግሮሻል። ወንድምሽ ደግሞ "አዲሱ እያለ አሮጌ ምን ያደርግልሻል" ብሎሻል። እኔ ማርክ 3ን ግዢ እላለሁ። ምክንያቴን ልንገርሽ።

ባለፈው ገና በስልክሽ ያነሳሻትን የአያትሽን ፎቶ ታስታውሻለሽ? መብራት ጠፍቶ ነበር። አንድ ሻማ ቡፌው ላይ በርቷል፣ ከታች የከሰሉ ፍም አለ። አያትሽ ምጣዱን እያወዛወዘች ቡና ትቆላለች። ፎቶው ሲታይ ፊቷ እንደ ቀለጠ ሰም ሆኗል። የነጠላዋ ጥለት ከግድግዳው ጋር ተቀላቅሏል። እጇ ደግሞ ጭራሽ የለም፣ ነጭ ጭረት ብቻ ነው። አንቺ ተናደሽ አጠፋሽው። እኔም ሆዴን በላኝ፣ ምክንያቱም ያ ሰዓት ደግሞ አይገኝም።

ጥፋቱ የእጅሽ አይደለም። ካሜራ ብርሃን ሲያጥረው መዝጊያውን ከፍቶ ይቆያል። በዚያ መሃል የተንቀሳቀሰ ነገር ሁሉ ይደበዝዛል። ወጣት ሆኜ ፎቶ ቤት ስሠራ መጀመሪያ የተማርኩት ይህንን ነው። ያኔ አንድ ፊልም 36 ፎቶ ነበር። ከ36ቱ አንዱ ሙሽራዋ ቀለበት ስታጠልቅ የተነሳው ከሆነና እሱ ከተበላሸ፣ የሰው ሰርግ ተበላሸ ማለት ነው።

ስለዚህ ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ተዪውና የሌንሱን ቀዳዳ እዪ። ኤፍ የሚባለው ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ብርሃንም ይበዛል። ማርክ 3 ሰፊውን ሲያሳይ ኤፍ 1.8፣ ዙም ሲደረግ ኤፍ 2.8 ነው። ማርክ 6 እና ማርክ 7 ግን ሲጀምሩ ኤፍ 2.8፣ ዙማቸው ሲያልቅ ኤፍ 4.5 ናቸው። ገና ሲጀመር ማርክ 3 ከእጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። በሻማ ብርሃን ይህ የአያትሽ እጅ በመታየትና ባለመታየት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰር በሰባቱም ስፋቱ አንድ ነው፣ 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር። በሱ አትጨነቂ።

እርግጥ ማርክ 6 እና 7 ሩቁን በማቅረብ እስከ 200 ሚሊ ሜትር ይስባሉ፤ ይህ ቁጥር ሲበዛ ሩቁ ይቀርባል። ማርክ 3 ከ24 ጀምሮ 70 ላይ ያቆማል። ወንድምሽን ያማለለው ይሄ ነው፣ አልፈርድበትም። ወፍ ወይም ኳስ የምታነሺ ብትሆኚ እኔም ያንን እልሽ ነበር። አንቺ ግን የምታነሺው አያትሽን፣ ጎረቤቶቿን፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ የቀረችውን የጤፍ ማሳና አጫጆቹን ነው። 24 ላይ ሳሎናችን እንዳለ ይገባል፣ 70 ላይ የአንድ ሰው ፊት ደስ ብሎ ይወጣል። ራቅ ካሉብሽ ተጠጊ። ሰላም በያቸው፣ አስፈቅጃቸው፣ ከዚያ አንሺ። ከሩቅ ተሰርቆ የተነሳ ሰው ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

የመጀመሪያው አርኤክስ 100 በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ ዋጋውም ደህና ነው። ግን ዙም ስታደርጊው ኤፍ 4.9 ድረስ ይጨልማል። እንደ ማርክ 2 ሁሉ ዓይንሽን አስጠግተሽ የምታዪበት መስኮትም አብሮት አልተሠራም። የእኛ አገር የቀትር ፀሐይ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ማሳው ላይ ቆመሽ ስክሪኑን ብታዪ የራስሽን ፊት ነው የምታዪው። ማርክ 3 ከጥግ ብቅ የምትል ትንሽ መስኮት አለችው። ወደ ላይ ከወጣች በኋላ የዓይኑን ክፍል ወደ ራስሽ መሳብ አለብሽ፣ አለዚያ ብዥ ይልብሽና የተበላሸ ይመስልሻል።

ማርክ 4 እና 5 ሌንሳቸው ከማርክ 3 ጋር አንድ ነው። ፈጣኖች ናቸው፣ ፎርኬ የሚባለውን ጥራቱ ከፍ ያለ ቪዲዮም ይቀርጻሉ። ማርክ 5 በጥሩ ዋጋ ከተገኘ አልቃወምም፣ ለሚሮጥ ልጅ ከማርክ 3 ይሻላል። ግን ባትሪ ይበላል። በፋብሪካው መለኪያ ማርክ 3 በአንድ ቻርጅ 320 ፎቶ ሲያነሳ ማርክ 5 የሚያነሳው 220 ነው። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የትኛውንም ብትገዢ ትርፍ ባትሪ ጨምሪ፣ የሁሉም ባትሪ አንድ ዓይነት ነው። በፓወር ባንክም ቻርጅ ይደረጋል።

አሁን አጥብቄ የምነግርሽ ስለ አቧራ ነው። እዚህ እንደገባን ሰሞን አንድ የኪስ ካሜራ ነበረኝ። ከነ አቧራው ጃኬት ኪሴ ውስጥ እከተው ነበር። እነዚህ ካሜራዎች ሌንሳቸው ሲወጣና ሲገባ አየር ይስባሉ፣ ከአየሩ ጋር አቧራው ይገባል። ሌንሱ ስለማይነቀል ካልተፈታ አይጸዳም። አንድ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ገንዘቤን ተቀብሎ ሌንሱ የማይከፈት ካሜራ መለሰልኝ። የእናትሽን የልደት ቀን ፎቶዎች ሳየው ዛሬም ሰማዩ ላይ ግራጫ ነጠብጣብ አለ። አርኤክስ 100ም ከዚህ አያመልጥም፣ አቧራ መከላከያ የለውም። የሚዘጋ ከረጢት እናትሽ ትሰፋልሻለች።

ያገለገለ ስለምትገዢ ሻጩ ፊት ይህን አድርጊ። ከላይ ያለውን መዞሪያ ቀዳዳውን ራስሽ የምትመርጪበት ኤ (A) ላይ አዙሪና ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 11 አጥብቢው። ነጭ ግድግዳ አንሺና ፎቶውን አጉልተሽ ጥግ ጥጉን ፈትሺ። አቧራ ካለ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ኤፍ 1.8 ላይ ስለማይታይ ሻጩ በዚያ አንስቶ ቢያሳይሽ አትቀበዪው። ዙሙን አሥር ጊዜ አስወጪና አስገቢ። ከተንቋቋ ወይም መሃል ላይ ከቆመ ትተሽው ውጪ።

ገዝተሽ ከሐዋሳ ስትመጪ ፍጥነት መንገዱ መውጫ ላይ እጠብቅሻለሁ። አያትሽ ነገሩን ሰምታ ጥለት ያለውን ነጠላዋን ከአሁኑ አሳጥባለች። ረከቦቱን መስኮቱ ጋ እናደርገዋለን። መብራት ቢኖርም እናጠፋዋለን።

አባትሽ