ጥላት መሄድ ትችል ነበር

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እማማስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? ከተጠፋፋን ዓመታት አለፉ፤ ከሐሳቤ ግን ጠፍተሽ አታውቂም። እኔ ደህና ነኝ፣ አሁንም እዚሁ ሜሪላንድ ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ለቅሶ ሄጄ ነበር። በታክሲ ሥራ ልጆቻቸውን ያሳደጉ አንድ የሠፈራችን አባት አርፈው ነው። ቤቱ በሰው ጢም ብሏል። ምግብ ሲቀርብ የሚያስታጥበኝን ሰው ቀና ብዬ ባየው፣ ያ በልጅነታችን ካሴቱ እስኪያልቅ የሰማነው ዘፋኝ ነው! ስሙን አልጽፍልሽም፤ እንዲወራለት ብሎ ያደረገው አይደለም። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ጆጉን ይዞ፣ ለአንዱም ለሌላውም ጎንበስ ይላል። አንዲት እናት እንባቸው አልቆም ቢል አጠገባቸው ተቀመጠና እጃቸውን ይዞ ዝም አለ። ፎቶ ያነሳ ሰው አልነበረም። በኋላ እንደሰማሁት፣ እዚህ አገር አዲስ በነበረ ጊዜ ሟቹ በታክሲያቸው ያመላልሱት ነበር። አልረሳቸውም።

ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝና ደራርቱን ሳስብ አመሸሁ። ደራርቱ ቱሉን፣ ያንቺን ደራርቱ!

የባርሴሎናውን ሁሉም ያውቃል። 1984 ዓ.ም.፣ 10 ሺህ ሜትር። የበቆጂዋ ልጅ በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ከዚያ ሁለተኛ የወጣችውን ኤላና ማየርን ጠብቃ አቀፈቻት። ማየር ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ናት፤ አገሯ በአፓርታይድ ምክንያት ተገልላ ከ32 ዓመት በኋላ ወደ ኦሎምፒክ መመለሷ ነበር። እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ።

እኔ ግን አብልጬ የምወደው የኒውዮርኩን ማራቶን ነው። ጥቅምት 2002 ዓ.ም. ነው። ደራርቱ 37 ዓመቷ ነበር፣ የልጆች እናት ናት። አብራት የምትሮጠው ደግሞ እንግሊዛዊቷ ፖላ ራድክሊፍ ናት፤ ያኔ የማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን በእጇ የነበረው፣ ያለፉትን ሁለት ዓመታትም እዚያው ያሸነፈችው። ወደ መጨረሻው ገደማ ፖላን እግሯ አስቸገራትና ወደ ኋላ ቀረት አለች። ደራርቱ ዞር ብላ አየቻት። ጥላት መሄድ ትችል ነበር፤ ማን ይወቅሳታል? እሷ ግን ቀስ አለችና ነይ፣ አይዞሽ፣ አብረን እንሂድ ትላት ጀመር። ፖላ አልቻለችም፤ አራተኛ ወጣች። ደራርቱ በ2 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ገብታ ኒውዮርክን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆነች።

ካሸነፉ በኋላ ደግ መሆን አይከብድም። እሷ ግን ገና ሳይለይላት ነው ያደረገችው። ፖላ ብትበረታ ኖሮ ልትቀድማትም ትችል ነበር እኮ! ይሄ ሁልጊዜ ሆዴን ያባባዋል። ዘፋኙን ሳየው ደራርቱ ትዝ ያለችኝም ለዚህ ይመስለኛል። እሱም ያን ቀን የመጣው ሊያስታጥብ ነው፤ ጭብጨባ የለ፣ መድረክ የለ።

አንቺስ? አትሌቶቹ ልምምድ የሚሠሩበት አካባቢ ነው የምትኖሪው፤ አንድ ቀን እንኳ አላገኘሻትም? አግኝተሻት ከሆነ ምን እንዳለችሽ አንድም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ። እሑድ ሥራ የለኝም፤ በእናንተ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እደውላለሁ። እማማ እንዳይተኙ ንገሪያቸው፣ ድምፃቸውን መስማት እፈልጋለሁ።

የዘወትር ጓደኛሽ