ልጅም አይደለም፣ አዋቂም አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው።

የእህቴ ልጅ 16 ዓመቱ ነው። አምና ከጉልበቱ በላይ አበጠ። ኳስ ሲጫወት የተመታ መስሎን ወጌሻ ዘንድ ወሰድነው። ታሸ፣ ቅቤ ተቀባ። ማታ ማታ ግን ሕመሙ እንቅልፍ ይነሳው ነበር። አንድ ሌሊት ትራሱን ነክሶ ሲያለቅስ አገኘሁት። ራጅ የተነሳው ከ4 ወር በኋላ ነው። የአጥንት ካንሰር ሆኖ ተገኘ።

ይህ ካንሰር በብዛት የሚነሳው አጥንት ቶሎ በሚያድግበት በጉርምስና ዕድሜ ነው፤ ጉልበት አካባቢ ይበዛል። ሳይሰራጭ ከተደረሰበት በኬሞቴራፒና በቀዶ ሕክምና ብዙዎች ይድናሉ። እነዚያ 4 ወራት እስከ ዛሬ ያንገበግቡኛል።

የሕጻናት ክፍል «ትልቅ ነው» ብሎ መለሰን። አዋቂዎች ክፍል ተኛ፤ ግራና ቀኙ አያቶቹ የሚሆኑ ሰዎች ናቸው። ፀጉሩ ሲረግፍ ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ ስቦ ዝም አለ። የሚያዋራው እኩያ የለም። መድኃኒቱ ወደፊት መውለድን ሊጎዳ እንደሚችልም ማንም አልነገረንም። በአንዳንድ አገሮች ከ15 እስከ 39 ዓመት ያሉት ለብቻቸው ይታያሉ። ለምሳሌ ወጣቶች በአንድ ዓይነት የደም ካንሰር ሲያዙ የሕጻናቱን የሕክምና ዘዴ ሲከተሉ የተሻለ ውጤት ታይቷል።

ሆስፒታሎቻችን ለእነዚህ ልጆች ቢያንስ አንድ ክፍል ይለዩላቸው። የስፖርት መምህራንም እባካችሁ፣ ሌሊት የሚብስና አልለቅ ያለ እብጠት ስታዩ ልጁን ራጅ እንዲነሳ ላኩት።

አክስቱ፣ ከድሬዳዋ