«ፎርማት» ከማለታችሁ በፊት

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነዋሪና የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። ይህን የምጽፈው ለከተማችን ኮምፒውተር ጠጋኞች አንድ ልመና ስላለኝ ነው። ቅሬታም አለበት፤ አልደብቅም።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ የእድራችን መዝገብ የነበረው ወንዙ ዳር ባለው የቀድሞው ጸሐፊ ቤት ነው። እሳቸው ከነቤተሰባቸው ተረፉ፣ መዝገቡ ግን ጭቃ ሆኖ ቀረ። ማን ስንት ወር እንደከፈለ የለየነው በመሐላ ነበር። ከዚያ በኋላ «ኮምፒውተር ይሻላል» ተባለና ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዛን። የአባላቱን ስም፣ የወር መዋጮውን፣ ለቀብር የወጣውን ሁሉ እሱ ላይ ስጽፍ ኖርኩ።

በቅርቡ አንድ ማታ መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ። ሦስተኛ ሲመጣ ኮምፒውተሩ አልነሳ አለ። ነጫጭ ነጠብጣቦች ይሽከረከራሉ፣ ስክሪኑ ይጨልማል፣ እንደገና ከሀ ይጀምራል። በማግስቱ በባጃጅ ጭኜ ጠጋኝ ቤት ወሰድኩት። ልጁ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «አቦ ጋሼ፣ ቀላል ነው፤ ፎርማት አድርጌ አዲስ ዊንዶውስ ልጫንበትና ማታ ይውሰዱት» አለኝ። «ፋይሎቼስ?» ስለው «ዲ ላይ ካሉ አይነኩም» አለ። የእኔዎቹ ግን ሁሉም እንዳይጠፉኝ ብዬ ፊት ለፊት፣ ኮምፒውተሩ ሲከፈት በሚታየው ዴስክቶፕ ላይ የደረደርኳቸው ናቸው። ዴስክቶፕ ላይ የምናስቀምጠው ነገር በተለምዶ ሲ በሚባለው የዲስኩ ክፍል ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ ፎርማት የሚደረገውም፣ ማለትም ያለበት ሁሉ የሚጠረገው፣ እሱው እንደሆነ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ማሽኔን ተሸክሜ ወጣሁ።

ከዚራ ያገኘሁት ሌላ ልጅ ከሰላምታ ቀጥሎ የጠየቀኝ «የሚፈልጉት ፋይል አለበት?» ብሎ ነው። ብሎኖቹን ፈታ፣ ሃርድ ዲስኩን አወጣ፣ በኬብል ከራሱ ላፕቶፕ ጋር አገናኘው። ፎልደሮቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። የመዋጮውን ሰነድ ሲከፍተው ግን በስሞቹ ቦታ የላቲን ፊደልና ምልክት ተዘበራርቆ መጣ። ጉልበቴ ከዳኝ። ልጁ ሳቀ፦ «ጋሼ፣ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ በቪዥዋል ግእዝ ተጽፎ ነው እኮ፤ እኔ ጋ ፎንቱ ስለሌለ ነው።» ፎንቱን ፈልጎ ጫነ። ስሞቹ ተመለሱ፤ የሞቱትም ጭምር።

ዊንዶውሱ አልነሳም ማለት ፋይሉ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱ አይገናኙም። ዲስኩን ማውጣት ካልተቻለም ዊንዶውስን የሚተካ ሊኑክስ የሚባል ሲስተም በተጫነበት ፍላሽ ማሽኑን አስነስቶ ፋይሉን መቅዳት ይቻላል። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ደጋግሞ መሞከር ጉዳቱን ያባብሳል፤ አጥፍቶ ለሚያውቅ ሰው መስጠት ነው። ኤስኤስዲ የሚባሉት አዲሶቹ ዲስኮች ደግሞ አንዴ ፎርማት ከተደረጉ መልሶ የማግኘት ተስፋው በጣም ጠባብ ነው። አዳዲስ ላፕቶፕ ያላችሁም ቢትሎከር የሚባለው መቆለፊያ ሳታውቁት በርቶ ሊሆን ይችላል። እንግዲያው ባለ 48 አሃዙን የመክፈቻ ቁጥር ዛሬውኑ ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ፈልጋችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ያለ እሱ ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ማሽን ላይ መሰካት አይጠቅምም።

ዲ ላይ አስቀምጡ የሚባለውም ምክር ግማሽ ነው። ሲ እና ዲ ብዙውን ጊዜ የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ ዲስኩ ከሞተ አብረው ይሞታሉ። የእኛም ዲስክ ተመርምሮ በቦታ በቦታው ተበላሽቶ ተገኘና ቀየርነው።

ጠጋኞች ሆይ፣ ልመናዬ ይህ ነው፤ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ፋይል እንዳለ ጠይቁ፣ ካለም ቀድማችሁ ቅዱ። ለመቅዳቱ አስከፍሉን፣ እንከፍላለን። ባለ ንብረቱ «ይጥፋ» ካለም ፈርሞ ይስጣችሁ። የቀዳችሁትንም ስናረጋግጥ ከማሽናችሁ አጥፉልን፤ የእኛ ሰነድ ውስጥ የሰው ስልክና የሐዘን ወጪ አለ።

እድራችን አሁን ሦስት ቅጂ አለው። አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ፣ አንዱ እኔ ቤት ባለ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ሲሆን ሦስተኛው ለገሃሬ በሚኖሩት ገንዘብ ያዣችን ዘንድ በፍላሽ ነው። ፍላሹን ከድንኳኑ መጋዘን ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት አንጠልጥለው ገበያ ይዘውት ይሄዳሉ። ይህን እንዲተዉ ሁለት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ፤ ይህችን ደብዳቤ ካወጣችሁልኝ ሦስተኛው ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር
የእድር ጸሐፊ፣ ድሬዳዋ