ለአባባ፣ ስለ ዶጇ ፍሬን

አዲስ አበባ፣ ቀበና
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተወደዱትና ለተከበሩት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? የቢሾፍቱ አየር ለደረትዎ እንደተስማማዎት እኅቴ ነግራኛለችና ልቤ ዐርፏል። እኛም እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችን ደኅና ነን። ይህን በስልክ ሳይሆን በደብዳቤ የምነግርዎ ጉዳዩ ዝርዝር ስለሚፈልግና እርስዎም መነጽርዎን አድርገው ደጋግመው ሊያነቡት እንዲችሉ ብዬ ነው። የምጽፍልዎ ስለ አሮጌዋ የአሜሪካ የጦር መኪናችን፣ ስለ ዶጇ ነው።

በሰኔ ሲሄዱ፣ ባልነዳት እንኳ በየሳምንቱ እንዳስነሣት አዘውኝ ነበር፤ እኔም እስከ ነሐሴ አጋማሽ ትእዛዝዎን ሳላጓድል ቆይቻለሁ። ከዚያ አንድ እሑድ ጠዋት ሞተሩን አስነሥቼ ትንሽ ወደ በሩ አስጠግቻት ፍሬኑን ብረግጠው ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ወረደ። ግቢያችን ወደ መንገዱ ያዘነበለ በመሆኑ የእጅ ፍሬኑ ባይዝልኝ ኖሮ በሩን ሰብራ በወጣች ነበር። የዶጇ የእጅ ፍሬን የሚይዘው ጎማዎቹን ሳይሆን ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደውን ዘንግ እንደሆነ፣ የእግሩ ቢጠፋም እርሱ እንደሚቀር በልጅነቴ ያስረዱኝ ነገር በትክክል የገባኝ በዚያች ቅጽበት ነው።

አራቱም ጎማዎች ከአንድ ማስተር፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ከሚገፋው ዋና ሲሊንደር፣ በአንድ መስመር ዘይት ስለሚቀበሉ፣ በአንዱ ጎማ በኩል ሲያፈስ የአራቱም ፍሬን አብሮ ይጠፋል። ይህ ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ድልድይ ስወርድ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ስለዚህ የፍሬኗ ሥራ ከሥሩ ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ ከግቢ እንደማትወጣ ወሰንኩ።

ያፈሰሰው የግራው የኋላ ጎማ ነበር፤ የጎማው የውስጥ ገጽታ በዘይት ርሶ አገኘሁት። እዚህ ላይ የምነግርዎ ያሳዝንዎታል። ቡሎኖቹ እጅግ ጠብቀው ስለነበር አንድ ጎሚስታ ጠርቼ፣ በግራ በኩል ያሉት ዳዶዎች ጥርሳቸው ግልብጥ መሆኑንና የሚፈቱት ወደ ቀኝ ሲዞሩ እንደሆነ ነግሬው ነበር። ይሁን እንጂ ቡና ላፈላለት ወደ ቤት ገብቼ ስመለስ በረጅም ቱቦ እየታገዘ በለመደው አቅጣጫ ሲያዞር አንዱን ቡሎን ቆርጦት ጠበቀኝ። ሰውየውን አልተቆጣሁም፤ አጠገቡ መቆም የነበረብኝ እኔ ነኝ። ሌላው ሰው እንዳይሳሳት በግራ ጎማዎቹ ላይ ቀስት በቀይ ቀለም ስዬበታለሁ። አዲሱን ቡሎን ቶርኖ ቤት አሠርቼ ተክቼዋለሁ።

አንዱ ካፈሰሰ ሌሎቹም ሩቅ አይሆኑም ብዬ የአራቱንም ጎማ የፍሬን ሲሊንደሮች አወረድኩ። የሁለቱ የኋላ ሲሊንደሮች ውስጣቸው በዝገት ተበልቶ ነበር። የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር እየሳበ ስለሚጠጣ፣ ቆማ የምትከርም መኪና ከምትነዳው ይልቅ ሲሊንደሮቿ ቶሎ ይዝጋሉ፤ የአዲስ አበባ ክረምት ደግሞ ለዚህ የሚያዝን አይደለም። መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሁለት ቀን ተመላለስኩ። አንድ ነጋዴ ከሌላ መኪና የወጣ፣ መጠኑ ተቀራራቢ የሆነ የሲሊንደር ላስቲክ በርካሽ ሊሰጠኝ ፈቀደ፤ በካሊፐር ለክቼ ሊገጥም ትንሽ እንደቀረው ባየሁ ጊዜ ግን መለስኩለት። በፍሬን ላይ «ትንሽ ቀረው» የሚባል ነገር እንደሌለ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። በመጨረሻ ቶርኖ ቤቱ የተበሉትን ሲሊንደሮች አስፍቶ የነሐስ ቱቦ አለበሳቸውና ወደ ቀድሞ ስፋታቸው መለሳቸው። ነሐስ ስለማይዝግ፣ ከእንግዲህ ብትቆምም ከውስጥ አትበላም። የፍሬን ዘይት የሚያልፍባቸውን ሦስቱን የላስቲክ ቱቦዎችም ቀየርኩ፤ ከውጭ ደኅና ቢመስሉም አንዱ ከውስጥ አብጦ ዘይቱን አላሳልፍ ብሎ ነበር።

የፍሬን ሸራዎቹን ስከፍት አንድ ነገር ልቤን ነካው። እርስዎ በታምቡሩ ውስጥ የተጠራቀመውን ብናኝ በአፍዎ እፍ እያሉ ሲያጸዱት ትዝ ይለኛል። የዚያ ዘመን ሸራ አስቤስቶስ ያለበት ነው፤ ብናኙም ሳንባን ይጎዳል። የደረትዎ ሕመም ከዚያ የመጣ ነው ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ሐኪምዎ ዘንድ በሚቀጥለው ሲቀርቡ ለብዙ ዓመታት በዚህ ሥራ ላይ እንደነበሩ ይንገሩልኝ። እኔ በውኃ አርሼ፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ፣ ጨርቁን በላስቲክ አስሬ ጥዬዋለሁ።

አየሩን ከመስመሩ ያስወጣነው ከልጅ ልጅዎ ጋር ነው። እርሱ ወንበርዎ ላይ ተቀምጦ ፔዳሉን ይረግጣል፣ እኔ ከሥር ተኝቼ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። እንዳሳዩኝ ከማስተሩ ከሚርቀው ከቀኝ የኋላ ጎማ ጀምረን፣ ወደ ግራ የኋላ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ የፊት፣ በመጨረሻ ወደ ግራ የፊት ሄድን። «ያዝ!» ስለው «ይዣለሁ!» እያለ የሚመልሰው ድምፅ፣ እኔ በእርሱ ዕድሜ ለእርስዎ የምመልስልዎ ድምፅ ነበር። አሁን ፔዳሉ ከግማሽ በላይ አይወርድም፤ ሌሊቱን በእንጨት ተጭኖ አድሮም አልሰመጠም።

ወንድሜ ከውጭ ሲደውል፣ አሮጌውን ሞተር አውርደን የቶዮታ ናፍጣ እንድንገጥምላትና ኤሌክትሪኳንም ከ24 ቮልት ወደ 12 እንድንለውጠው መክሮኛል። አሳቡ ከፍቅር የመጣ ነው፤ እኔ ግን አልተስማማሁም። ሁለት የ12 ቮልት ባትሪ ማያያዝ ቀላል ነው፤ የ24 ቮልት አምፑልም አይሱዙና ሲኖትራክ በሞሉበት ከተማ አይጠፋም። ሞተሩ ከተቀየረ ደግሞ በሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር አይገጥምም። ከሁሉም በላይ ግን፣ በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር በተፈረመው የጦር ርዳታ ስምምነት የተነሣ አገር ውስጥ ከገቡት ዶጆች አንዷ እንደሆነች ሲነግሩኝ አድጌአለሁ። በ1969 ዓ.ም. ግንኙነቱ ሲበላሽ መለዋወጫው ቀርቶ፣ በቦታዋ የሶቪየቶቹ ዋዝና ኡራል መኪናዎች ተተክተው፣ እርሷን በሐራጅ ገዝተው በገዛ እጅዎ አቆዩአት። 3.8 ሊትር የሆነው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ያኔ ካልተጣለ አሁን የሚጣልበት ምክንያት አይታየኝም። 78 የፈረስ ጉልበት አላት ቢባልም፣ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ያን ሁሉ እንደማታወጣ አውቃለሁ፤ ካንዴላዎቿም በጥላሸት የሚጠቁሩት ቤንዚኑ ለአየሩ ስለሚበዛ ነው። የካርቡሬተሩን ቪት ትንሽ አጥብቄ፣ የአየር ማጣሪያውን ዘይት ከለወጥኩ በኋላ ጭሷ ቀንሷል።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ከአምስተኛው ሲሊንደር በኩል ትክ ትክ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ የቫልቩ ክፍተት የሰፋ ይመስለኛል። የጎን ክዳኑን ከፍቼ ልነካው ስል ግን እጄን ሰበሰብኩ። እርስዎ ክፍተቱን የሚለኩባቸው ስስ ብረቶች በመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ የሉም፤ በግድግዳው ላይ በቀለም የጻፉት የሲሊንደሮቹ የማቀጣጠል ተራ፣ 1-5-3-6-2-4፣ ብቻ ነው ያለው፣ የክፍተቱ መጠን አልተጻፈም። መለኪያዎቹን የት እንዳስቀመጧቸው፣ ለማስገቢያውና ለማስወጫው ቫልቭ ምን ያህል ይተዉ እንደነበር፣ ሞተሩ ሞቆ ይሁን ቀዝቅዞ ይለኩ እንደነበር ለእኅቴ ነግረው ያጽፉልኝ። መልስዎ እስኪደርሰኝ ክዳኑን አልከፍተውም።

የሚወድዎትና የሚያከብርዎት ልጅዎ